የዐቃቤ ሕጉ አልጋ

«ያ ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲስል አደረ። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም» አለ ገብረአብ፣ የተልባ ፍትፍቱን እየጎረሰ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ቢያደርጉት ምናለ? ዛሬ እኮ ችሎት አለኝ።»

የወህኒ ቤቱ ኀላፊ መቶ አለቃ ወልደተንሣኤ መደቡ ላይ ተቀምጦ የሚስቱን ታናሽ ወንድም ሲበላ ይመለከታል። ጾመ ነቢያት ስለሆነ እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ገብረአብ ግን አይጾምም፤ ጨጓራውን ያየው የአዲስ አበባ ሐኪም ጾም ከልክሎታል። ለአንድ ሰው ጨጓራ ሲባል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሊላላ ይችላል፤ ለሌላው ሰው ሳንባ ሲባል የመንግሥት ሕግ እንዲላላ የሚያዝ ሐኪም ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በአንኮበር አልታየም። የወህኒ ቤቱን ግቢና የኀላፊውን ቤት የሚለያቸው አንድ አጥር ነው፤ ወዲያ ማዶ የተሳለ ሳል ወዲህ ይሰማል። ገብረአብ ያልተናገረው፣ ምናልባትም ጨርሶ ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ ያንን የሚያስል ሰው ትናንት አስይዞ ወደ ውርጩ የላከው እሱ ራሱ መሆኑን ነው። የመቶ አለቃው ሚስት ደመቀች ሳሉንም ስሞታውንም ሰምታ ሁለቱንም እንዳልሰማች ሆና የወንድሟን ሳህን አነሣች። ከመስከረም ወር ጀምሮ ወንድሟ በእነሱ አልጋ ላይ ይተኛል፤ እሷና ባሏ መደብ ላይ የበሬ ቆዳ ጀንዲ አንጥፈው ያድራሉ። ወንድም ነው፤ እንግዳ ነው፤ መንግሥትም ነው። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አልጋ አይነፈግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣልያን ጊዜ አንድ ጣልያን ለገመድ የሚሆን ተክል ከአገሩ አምጥቶ ከአሊዩ አምባ በታች ወንዝ ዳር ዘርቶ ነበር። ጣልያኑ ሄደ፤ ተክሉ ቀረ። ቆለኞቹ «የጣልያን ቃጫ» ብለው ስም አወጡለት። ልጡን እየላጡ፣ ውኃ ውስጥ እየዘፈዘፉ፣ እየገመዱ፣ የአህያ መጫኛና የበሬ ማሰሪያ አድርገው በገበያ ቀን ይሸጡት ጀመር። ማንም አጭሶት አያውቅም። ፍየል እንኳ አንድ ጊዜ ቀምሳ ሁለተኛ ያልተመለሰችበት ነገር ነው። አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከወጣ ወዲህ ግን ገብረአብ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ወደ አንኮበር መጣ፤ የአሊዩ አምባን ገበያ ጎበኘ፤ የዚያን ተክል ቅጠል መጽሐፉ ላይ ካለው የሐሺሽ ሥዕል ጋር አስተያየና አንድ ሆኖ አገኘው። ዕውቀቱ እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸውና። ከዚያ በኋላ ግን ከበላይ በደረሰው መመሪያ ውስጥ «ከተክሉ የተገኘ ማናቸውም ነገር» የምትል ሐረግ አነበበ። ሐረጊቱን የጻፈው ሰው የሚያሰክረውን ዱቄትና ሙጫ እያሰበ እንደ ነበር የአምስት ዓመት ሕፃን ይገባዋል። ገብረአብ ግን የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ የተማረ ነው፤ አልገባውም። አሥራ አራት ገመድ ሠሪዎች ከሃያ ሁለት ሸክም ገመድ ጋር ተይዘው ትናንት ወደ ማታ አቀበቱን ወጥተው ወህኒ ገቡ።

«ገብረአብ» አለ መቶ አለቃው በመጨረሻ፣ «የሚያስሉት ሰውዬ አብዱልጀሊል ይባላሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቆለኛ ናቸው፤ ውርጭ አያውቁም። በዋስ ልቀቃቸው።»

«አይቻልም ጋሼ። ዋናው ሠሪ እሳቸው ናቸው።»

«ምን ይበላሉ?»

«እሳቸው?»

«አሥራ አራቱም።»

«ሕጉ ስለ ምግብ አይናገርም።»

«ስለ ብርድ ልብስስ?»

«ጋሼ፣ ሕግ እኮ የአልቤርጎ ባለቤት አይደለም።»

«የአልቤርጎ ባለቤትማ እኔ ነኝ!» አለ መቶ አለቃ ወልደተንሣኤ፤ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ።

ሕግ የሚያወጣ ሰው «ይታሰር» የምትለውን ቃል ሲጽፍ ከብዕሩ የሚወጣው ቀለም ብቻ ይመስለዋል። ይህች ቃል ግን ትበላለች። ትጠጣለች። ሜዳ መውጣት ያስፈልጋታል። ብርድ ይመታታል፤ ቅማል ይበላታል፤ ስትታመም ሁለት ጠባቂ ተሸክሟት ይሄዳል። መቶ አለቃ ወልደተንሣኤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ሲቀልብ ኖሯል። ወህኒ ቤቱ አንድ ትልቅ ክፍል፣ አንድ ትንሽ ክፍልና አንድ ቢሮ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ሠላሳ አንድ እስረኛ ነበረው። ከእነሱ ሃያ አንዱን ዘመድ ስንቅ እያመጣ ያበላል፤ መንግሥት የሚቀልበው ዘመድ የሌላቸውን አሥሩን ብቻ ነው። ለአሥር ሰው የሚሆን ገብስ በየወሩ መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን በአህያ ይመጣል፤ ወሩ ሳያልቅም ያልቃል። ቁጥሩ እየበዛ መሆኑን ገልጦ ባለፈው ወር ጽፎ ነበር። «በተመደበልህ እንድታብቃቃ» የሚል መልስ መጣለት። ወረቀቱ ጥሩ ወፍራም ወረቀት ነው፤ ግን አይበላም። አሁን ደግሞ አሥራ አራት ቆለኞች ተጨመሩ። ዘመዶቻቸው የግማሽ ቀን አቀበት ማዶ ናቸው፤ በየቀኑ ስንቅ ይዘው ሊወጡ አይችሉም። እስላሞች ስለሆኑ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበሉም፤ ደግነቱ ሥጋ የሚባል ነገር በወህኒ ቤቱ ስለሌለ በዚህ በኩል ችግር አልተፈጠረም።

ትንሿ ክፍል ደረቅ ናት። ከዚህ ቀደም የታመመ እስረኛ የሚተኛው እዚያ ነበር። ትናንት ማታ ግን ሃያ ሁለቱ ሸክም ገመድ እስከ ጣሪያዋ ድረስ ተከመረባትና ገብረአብ በሯን በሰም አተመ። ማስረጃ ነው፤ እርጥበት እንዳይነካው። ስለዚህ ከሽማግሌው በቀር አሥራ ሦስቱ ሰዎች በትልቁ ክፍል ውስጥ ከሠላሳ አንዱ ጋር ተጠቀጠቁ። ሌሊት ጎን ለመለወጥ ሲፈልጉ አንድ የዕድሜ ልክ እስረኛ «ዙር!» ብሎ ያዛል፤ አርባ አራቱም አንድ ላይ ይገላበጣሉ። አባባ አብዱልጀሊል እዚያ ውስጥ ትንፋሽ አጠራቸው። ሳላቸው ቢበረታባቸው ራሳቸው ለምነው ወጡና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ መሬት ላይ፣ ሽርጣቸውን ተከናንበው አደሩ። ገመዱ ቤት ውስጥ፣ ገመዱን የሠራው ሰው ውርጭ ላይ።

መቶ አለቃው ሲደርስ ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ እየጠበቁ ነበር። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። «እንዴት አደሩ አባባ?» ቢላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ጌታው» ብለው ያስሉ ጀመር፤ ሳሉ ሲያልቅ ጀርባቸው አብሮ ያለቀ መሰለው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ ይህን ሳል ሦስት ጊዜ ሰምቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሕመምተኛው ከሦስተኛው የውርጭ ሌሊት አላለፈም። ጠባቂው ወርቅአገኘሁ ከአጠገቡ ቆሞ ሪዙን ያሻሻል። ሪዙ በአንድ በኩል አጥሯል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ከገመዱ ጫፍ ቆርጬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሞክሬው ነበር፣ መቶ አለቃ። እንዲያው ለምርመራ ያህል።»

«እና? አሰከረህ?»

«ሪዜ ነደደ። ሌላ ያየሁት ነገር የለም።»

«ይህንን ለዐቃቤ ሕጉ ንገረዋ!»

«ነግሬያቸው ነበር። ከማስረጃው በመቀነስ ትከሰሳለህ አሉኝ።»

አራት ሰዓት ግድም አንዲት ልጅ እግር ሴት በወህኒ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ከአሊዩ አምባ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ አቀበቱን የወጣች ናት፤ የማሽላ ቂጣ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ስሟ ሲቲ ይባላል።

«አባቴን ላይ ነው ጌታዬ። ገመድ የሚሠሩት።»

«እዚህ ያሉት ሁሉ ገመድ የሚሠሩ ናቸው፣ ልጄ።»

«የሚያስሉት።»

መቶ አለቃው አስገባት። አባትና ልጅ ብዙ አልተነጋገሩም። ቂጣውን ቆርሳ ስታጎርሳቸው ሁለት ጊዜ ጎርሰው የቀረውን ለሌሎቹ አሉ። እሷም ሻሿን አውልቃ እግራቸውን ጠቀለለችበት። ከዚያ መንቀጥቀጥ ስትጀምር መቶ አለቃው ወደ ቤቱ ላካት፤ «ለወይዘሮ ደመቀች መቶ አለቃው ነው የላከኝ በያት፤ እሳት ዳር ታስቀምጥሽ» አላት። እሱ ቢሮው ገብቶ ወረቀት አወጣ። ለደብረ ብርሃን ስለ ገብስ ሌላ ደብዳቤ ሊጽፍ «ለክቡር» ብሎ ጀመረና ከዚያ በኋላ የመጣለት ቃል ሁሉ ስድብ ሆነበት። ወረቀቱን ቀደደው።

ብዙም ሳይቆይ የቢሮው በር ተከፈተና ደመቀች ገባች። በጋብቻቸው ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከወህኒ ቤቱ አጥር አልፋ አታውቅም። መቶ አለቃው ቤቱ የተቃጠለ መሰለውና ከወንበሩ ተነሣ።

«ና እስቲ፤ የምታየው ነገር አለ» አለችውና ቀድማ ወጣች።

ቤት ሲደርሱ ሲቲ ገብረአብ ከሚተኛበት ክፍል ደፍ ላይ ቆማ ነበር። መጋረጃው ተገልጧል። አልጋው ትልቅ የወይራ አልጋ ነው፤ በሠርጋቸው ዓመት ከአሊዩ አምባ ገበያ በስድስት ብር የተገዛ፣ በአራት ሰው አቀበቱን የወጣ። ልጅቱ ገብታ ፍራሹን በአንድ ጥግ አንሥታ፣ ደመቀችን አልጋውን ማንጠፍ ስታግዝ ያየችውን ከሥሩ የተወጠረ ገመድ በጣቷ አሳየች።

«የአባቴ እጅ ነው» አለች። «ጌታዬ፣ ሌላ ሰው ጫፉን ሁለቴ ቋጥሮ ይተወዋል። አባቴ ሦስቴ ቋጥሮ ወደ ውስጥ ይደብቀዋል፤ የተኛውን ሰው እንዳይቆረቁረው ብሎ።»

መቶ አለቃው ተንበርክኮ አየ። ሦስት ነው። በጣቱ ቢዳስሰው ገመዱ ዛሬ እንደ ተገመደ ሁሉ ጠንካራ ነው፤ መሐሉ ላይ ብቻ ረግቧል፤ የገብረአብ ወገብ የሚያርፍበት ላይ። መጀመሪያ ሳቅ መጣበት። ዐቃቤ ሕጉ ከመስከረም ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የሚተኛው ቀን ቀን ሰው በሚያስርበት ነገር ላይ ነው። ቀጥሎ ሚስቱን ቀና ብሎ ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ይህን አልጋ ሲገዙ ነጋዴው «ሰባት ልጅ ያሳድጋል፣ አይበጠስም» ብሏቸው ነበር። አልተበጠሰም። ስለ ቀረው ነገር ባልና ሚስት ከተነጋገሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ደመቀች ፍራሹን ጠቀለለች፤ የወንድሟን ሸሚዞች ከራስጌ አንሥታ በርጩማ ላይ ደረደረች፤ ለወንድሟ አውሳው የነበረውን የራሷን ቀይ ብርድ ልብስ አጥፋ በባዶው አልጋ ላይ አስቀመጠች።

«ብርድ ልብሱም ማስረጃ ነው?» አላት ባሏ።

«አይደለም። ብርድ ልብሱ የእኔ ነው» አለች። «ሂድ አልጋውን ውሰደው፤ ሳይመሽ።»

አጥሩ አንድ ቢሆንም የወህኒ ቤቱ በር የሚገኘው በገበያው መንገድ ዞሮ ነው። ስለዚህ አልጋው በአራት እስረኞች ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ቀዩ ብርድ ልብስ ከላዩ ተደርጎ፣ መቶ አለቃው ከኋላ እየተከተለ፣ በጠራራ ፀሐይ በአንኮበር መካከል አለፈ። በአንኮበር ሰው ትከሻ ላይ የወጣ አልጋ የሚይዘው ወይ በሽተኛ ወይ ሬሳ ነው። ጠላ ሻጯ አልታየች ከደጇ ላይ አይታ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች።

«ወይኔ! ወይኔ ወንድሜን! መቶ አለቃው!»

«እዚህ ነኝ አልታየች፤ አልሞትሁም» አለ መቶ አለቃው ከኋላ።

አልታየች እንባዋን ሳትጠርግ ተቆጣች። «ታዲያ ምን የሚሉት ሥራ ነው ሰው ማስደንገጥ? ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም። አልጋው ተይዞ ነው።»

«በምን ተያዘ?»

«በሐሺሽ።»

«እሰይ!» አለች አልታየች፤ ምን እንደ ሆነ ባይገባትም። «አንድ ቀን እንኳ ሰው ያልሆነ ነገር እሰሩ!»

ትንሿ ክፍል በሰም ስለታተመች አልጋው ቢሮው ውስጥ ተተከለ። መቶ አለቃው መዝገብ አውጥቶ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ታኅሣሥ ዐሥር ቀን 1951 ዓመተ ምሕረት። አንድ የወይራ አልጋ፣ በተከለከለው ገመድ የተወጠረ፣ ዐቃቤ ሕግ ገብረአብ ከሚተኛበት ክፍል የተገኘ። ከብልሽት እንዲጠብቀው የገመዱን ጠባይ የሚያውቅ እስረኛ ተመድቧል።» ማንደጃ አስነደደና ሽማግሌውን ጠራ።

«ወላሂ፣ እኔ መሬቱ ይሻለኛል» አሉ አባባ አብዱልጀሊል፣ ከደፉ ሳያልፉ። «የሹም አልጋ ላይ ወጥቼ ሌላ ክስ ልጨምር?»

«ማስረጃ ጠባቂ ሆነው ተሹመዋል፣ አባባ። ይጠብቁት።»

«ከምን ልጠብቀው?»

«ከዐቃቤ ሕጉ።»

ሽማግሌው በዓይናቸው ብቻ ሳቁ። ከዚያ አልጋውን አወቁት። እጃቸውን በገመዱ ላይ አድርገው እንደ በግ ጀርባ ዳበሱት። ሲቲ ብርድ ልብሱን ስታለብሳቸው እንኳ ዓይናቸው መሐሉ ላይ ከረገበው ገመድ አልተነሣም። ከሰዓት በኋላውን ተኙ። መቶ አለቃው በዘጠኝ ሰዓት ጾሙን ለመፍታት ወደ ቤቱ ሲሄድ የቢሮውን በር ከፍቶ አዳመጠ፤ ሳሉ አልቆመም፣ ግን ተራርቋል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ብርዱ ከገደሉ ሥር መውጣት ጀመረ። ወርቅአገኘሁ የማታውን ቆጠራ ሊመዘግብ መዝገብ ይዞ ከቢሮው በር ላይ ቆሟል። ገብረአብ ያን ጊዜ ደረሰ፤ ከችሎት ቀጥታ ቤቱ ሄዶ፣ ክፍሉን ባዶ አግኝቶ፣ እኅቱን ጠይቆ፣ እኅቱ «ባሌን ጠይቀው» ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ነው የመጣው። ከረባቱ ወደ ጎን ሄዷል።

«ጋሼ፣ አልጋዬ የት ነው?»

«ታሥሯል።»

«ቀልዱን ይተዉት!»

መቶ አለቃው መዝገቡን ከፍቶ ሰጠው። ገብረአብ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። ጆሮው ቀላ።

«ይህ በመንግሥት ሥራ ላይ ማላገጥ ነው።»

«እኔ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፤ ማላገጥ አላውቅም። ማናቸውም ነገር ይላል አልኸኝ። አልጋው ከማናቸውም ነገር ውስጥ የለበትም?»

«እኔ በምን እንደተሠራ መች አወቅሁና!»

«እሳቸውስ ሕጉ እንደወጣ መች አወቁ? አሊዩ አምባ ማን ወርዶ ነገራቸው? አንተ የነገርኻቸው በገመድ አስረህ ነው። ያውም በራሳቸው ገመድ! ገበያው ላይ ነው ፖሊሶቹ የገዙት፤ ሻጯን ጠይቅ፣ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች።»

ሲቲ አንገቷን ደፋች። የገብረአብ የአንድ ዓመት የሕግ ትምህርት ሙሉውን በፊቱ ላይ ሲያልፍ ይታይ ነበር። በዚህ መካከል አባባ አብዱልጀሊል ነቅተው ተነሥተዋል። ብርድ ልብሱን ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ የአልጋውን ግርጌ ቋጠሮ ፈትተው፣ የረገበውን ገመድ ከመሐል ወደ ጫፍ እየሳቡ ነው። ሰው መጣ አልመጣ ግድ አልነበራቸውም።

«ማን ነው ይህ ላይ የሚተኛው?» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «እንደ ገንዳ አጎድጉዶታል። ከባድ ሰው ነው፤ ወይ ደግሞ ሲገላበጥ የሚያድር፣ እንቅልፍ የሌለው።» ሳል መጣባቸውና ቆመው አሳለፉት። ከዚያ የገመዱን ጫፍ ለቅርቡ ሰው ዘረጉለት። «እስቲ ልጄ፣ ያዝልኝ ይህችን። ጠበቅ አርገህ።»

በዚያ አገር ሽማግሌ ያዝልኝ ካለ ይያዛል። ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ሥልጣንም አይጠየቅም። ገብረአብ በጫጫ አገር በገበሬ አባቱ ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ እጁ ከራሱ በፊት ተዘረጋ። ያዘው። ሽማግሌው ወደ ራስጌ ሄዱና ሌላውን ጫፍ ይዘው፣ እግራቸውን በአልጋው ቋሚ ላይ ተክለው፣ ያለ የሌለ ክብደታቸውን ጥለው ሳቡ። ገመዱ ጮኸ። ገብረአብም ሳበ።

ወርቅአገኘሁ እርሳሱን በምላሱ አረጠበ።

«መቶ አለቃ» አለ በትሕትና፣ «የገመድ እስረኞቹን ስንት ብዬ ልመዝግብ? አሥራ አራት ወይስ አሥራ አምስት?»

ገብረአብ እጁን አየ። ሊለቀው ፈለገ። ሽማግሌው ግን ወደ ኋላ ተንጋለው ተንጠልጥለውበታል፤ ቢለቅ በጀርባቸው ሲሚንቶው ላይ ይወርዳሉ። መቶ አለቃው አልረዳውም፤ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው እጁን አጣምሮ ቆሟል። ውጭ እስረኞቹ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ የዕድሜ ልኩ እስረኛ ቦታ ሲያከፋፍል ይሰማል።

«ወረቀት አምጡልኝ» አለ ገብረአብ፣ ገመዱን እንደ ያዘ።

«የምን ወረቀት?»

«የዋስ።»

«ለማን?»

የገብረአብ ሐሳብ ማታ ወደሚጠብቀው መደብና ጀንዲ ሄዶ ነበር፤ ወይም ወደ ሳሉ፤ ፊቱ ላይ የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። «ለሁሉም። ጠዋት ይውረዱ።»

መቶ አለቃው ወረቀቱንና ብዕሩን ይዞ ቀረበ። ገብረአብ አንድ እጁን ከገመዱ ሊያነሣ ሲል አባባ አብዱልጀሊል ከማዶ ተቆጡ።

«ወረቀቱ ይደርሳል፣ ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ ሳበው።»